ሌላ ቤዝ ከመግዛትህ በፊት፦ ኖይዝ፣ መብራት፣ ክር እና የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ

ባህር ዳርም ሁን ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁን እንጅባራ፣ ቤዝ ጊታር የጀመረ ልጅ ሲያገኘኝ ጥያቄው ያው ነው፣ "ድምፁ ደበረኝ ምን ልግዛ?" መልሴም ያው ነው፣ ምንም አትግዛ። ማለቴ አሁን አትግዛ። እኛ ጋ ቤዝ ላይ የሚመጣው ጣጣ አብዛኛው ከቤዙ አይደለም፣ ከመብራቱ ነው፣ ከገመዱ ነው፣ ከጃኩ ነው፣ ካልሆነም ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን አላሳርፍ ብሎ ነው። ብር አጠራቅመህ ዘመድ አስቸግረህ ከአዲስ አበባ አዲስ ቤዝ ብታስመጣና በዛው ገመድ በዛው ሶኬት ብትሰካው ያው እምምም ይልሃል። እና መጀመሪያ በእጅህ ያለውን እንየው።

ኖይዙ ከየት ነው የሚመጣው

የቤዙን ቮልዩም ዜሮ አድርገው። ኖይዙ ከጠፋ ምንጩ ቤዙ ውስጥ ነው፣ ፒክአፑ (ክሩ ስር ያለው ድምፅ ለቃሚ ማግኔትና ጥቅልል) ወይ የውስጥ ሽቦው አካባቢው ላይ ያለውን እየለቀመ ነው። ዜሮ ሆኖም እምምም ካለ ቤዙን ተወው፣ ገመዱን ወይ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ወይ መብራቱን ነው የምታየው። ይሄን ሳያዩ ነው ሰዎች ዝም ብለው ቤዝ የሚፈቱት።

ቀጥሎ ክሩን በእጅህ ያዘው። ስትይዘው ኖይዙ ከቀነሰ ጤነኛ ነው፣ ክሩ ከግራውንድ (አርዝ፣ የመሬት መስመር) ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ስትይዘው ከባሰ ግን ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦ ተገላብጠው ተበይደዋል ብለህ ጠርጥር። ክሩን ስትነካ ምንም ለውጥ የለም፣ የጃኩን ብረት ስትነካ ግን ቀነሰ እንበል፣ ያኔ ብሪጁ (ክሮቹ ቤዙ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) ስር የምትገባው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ወጥታለች ወይ ተበጥሳለች። ያገለገለ ቤዝ ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል፣ አንዱ ነካክቶት ነው ለአንተ የሸጠልህ። ብሪጁን በካቻቢቴ ፈታ አድርገህ የሽቦዋን ጫፍ ላጥ ላጥ አድርገህ ከስሩ አስገብተህ መልሰህ እሰረው፣ አለቀ፣ ብየዳ እንኳን አይፈልግም።

ከዛ ቤዙን እንደታጠቅክ ቆመህ ቀስ እያልክ ዙር። ወደ አንድ አቅጣጫ ስትዞር ኖይዙ ከቀነሰ ወደ ሌላው ስትዞር ከጨመረ ፒክአፕህ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል) ነው፣ ከትራንስፎርመር ወይ ከዲመር ወይ ከዛ ከሚብለጨለጨው የዲጄ መብራት እየለቀመ ነው። ጃዝ ቤዝ (ባለ ሁለት ፒክአፑ የፌንደር ሞዴል) ያለው ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ሁለቱንም ፒክአፕ እኩል ሲከፍት ዝም ይላል፣ አንዱን ሲቀንስ ይጀምራል። ብልሽት አይደለም፣ ሁለቱ ጥቅልሎች በተቃራኒ ስለተጠመጠሙ እኩል ሲከፈቱ አንዱ የሌላውን ኖይዝ ያጠፋል። ፕሪሲዥን በሚባለው ሌላው ሞዴሉ ላይ ደሞ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አንዱን ፒክአፕ ለሁለት ከፍሎ ስለሚሰራው ለብቻውም ዝምተኛ ነው። ስለዚህ መብራቱ መጥፎ የሆነ ቤት ስትሰራ ጃዝ ቤዝህን ሁለቱንም ፒክአፕ ሙሉ ክፈትና ድምፁን በቶን አስተካክለው፣ ኮፒ ጃዝም ቢሆን ብዙዎቹ እንደዛ ነው የተሰሩት።

መብራት መሆኑን በጆሮህ ማረጋገጥም ትችላለህ። የኛ መብራት 220 ቮልት 50 ሄርዝ ነው። ኢ ክር (ወፍራሙ) ላይ ሶስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ያለችው ጂ ደሞ 49 ሄርዝ ናት። እሷን ተጫወትና ከእምምምታው ጋር አወዳድር፣ በጣም ተቀራርበው ድምፁ ወው... ወው... እያለ ከፍ ዝቅ ካለ መብራት ነው። ዩቲዩብ ላይ አሜሪካኖቹ 60 ሄርዝ ቁረጡ ሲሉ ሰምተህ 60 ላይ አትቁረጥ፣ እሱ የነሱ መብራት ነው። 50ም ላይ ቢሆን በኢኪው (በድምፅ ማስተካከያው) ቆርጬ ላጥፋው ካልክ የራስህን ጂ ነው አብረህ የምትቆርጠው።

ሌላኛው አይነት ደሞ አለ፣ ቤዙ በአምፕ ለብቻው ሲጫወት ምንም የለውም፣ ልክ ከአምፑ ወደ ሚክሰር ገመድ ሲሳብ ይጀምራል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይሄ ነው፣ አምፑ በአንድ ሶኬት አርዝ ይይዛል ሚክሰሩ በሌላ ሶኬት፣ ከዛ በሲግናሉ ገመድ ሲገናኙ ዙር ይሰራሉ። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ አብላቸው፣ ካልሆነ ዲአይ ቦክስ (የቤዙን ሲግናል ለሚክሰር የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) ላይ ግራውንድ ሊፍት የምትል ማብሪያ አለች እሷን ጫናት። እዚህ ጽሁፍ ላይ ግዛ ከምልህ ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ዲአይ ቦክስ ነው። የቤዝ ገመድ ባላንስድ (ኖይዝ የሚያጠፋ ባለ ሁለት ሲግናል ሽቦ) ስላልሆነ ከ6 ሜትር ምናምን ሲያልፍ ኖይዝ እየለቀመ የላይኛውን ድምፅ እየበላ ይሄዳል፣ ሰርግ ላይ ደሞ ሚክሰሩ የሚቀመጠው ድንኳኑ ጥግ ነው፣ ዲአይ ቦክሱ እግርህ ስር ሆኖ ሲግናሉን ባላንስድ አድርጎ በማይክ ገመድ 30 ሜትርም 50 ሜትርም ያደርሰዋል። ቤዝህ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ከሆነ አክቲቭ ዲአይ ይሻላል፣ ቤዝህ ባትሪ ያለው አክቲቭ ከሆነ ፓሲቩ በደንብ ይበቃል። አክቲቩ ዲአይ ባትሪ ወይ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም (በማይክ ገመዱ የሚላክ መብራት) ይፈልጋል፣ ሳውንድ ማኑን ፋንተም ክፈትልኝ ማለት ነው።

አንዳንዱ የፕለጉን አርዝ ነቅሎ ወይ በናስትሮ ሸፍኖ "ኖይዙን አጠፋሁት" ይላል። እውነት ነው ይጠፋል፣ አንተም አብረህ ልትጠፋ ትችላለህ።

ሲነዝርህ

ቤዝ ይዘህ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ ጥዝዝ ካደረገህ ስቀህ አትለፈው። ቤዙ በክሩ በኩል ከአምፑ አርዝ ጋር ነው፣ ማይኩ ከሚክሰሩ አርዝ ጋር ነው፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መሃል ላይ ያለኸው ሽቦ አንተ ነህ። በቀደም አንድ ሆቴል ውስጥ ድምፃዊው በየዘፈኑ መሃል ማይኩን በጋቢው ጫፍ እየያዘ ነበር የሚዘፍነው፣ ህዝቡ ስታይል መስሎት ያጨበጭባል።

ነገሩ ምንድነው፣ ቆየት ያሉ ቤቶችና ለድንኳን የሚሳብ መብራት ላይ አርዝ ብዙ ጊዜ የለም፣ ወይ ሶኬቱ ላይ አለ ግድግዳው ውስጥ የለም። ማከፋፈያው ደሞ ከሁሉ ይብሳል። ሶኬቶቹ ውስጥ ላይና ታች የብረት ምላስ አላቸው፣ አርዝ ያለው ይመስልሃል፣ ፕለጉን በካቻቢቴ ስትከፍተው ግን ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሶስተኛው ሽቦ የለም። ምላሶቹ ለጌጥ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ ሶስት ሽቦ ገመድ በሜትር አስቆርጠህ፣ ደህና ፕለግና ደህና ማከፋፈያ ገዝተህ በሚያውቅ ሰው አሳስረው፣ የራስህ ይሁን፣ ስራ በሄድክ ቁጥር ይዘኸው ሂድ። ከፔዳል (በእግር ከሚረገጠው የድምፅ መቀየሪያ) በላይ ይጠቅምሃል ስልህ በእውነት ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው ካለ ደሞ ኤሲ ቮልት ትልቁ ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የማይኩ ወንፊት ላይ ሌላውን የቤዝህ ብሪጅ ላይ ያስነካ። አንድ ሁለት ቮልት ቢያነብ ግድ የለም። 40፣ 90፣ 110 ምናምን ካለ ማይኩ ጋ አትድረስ፣ ኤሌክትሪሽያን ይጠራ፣ ደጋሹ ቢቆጣም ይቆጣ። እስከዛው አምፑም ሚክሰሩም በዛችው ባለ ሶስት ሽቦ ማከፋፈያ ይብሉ፣ ቢያንስ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ይጠፋል፣ ማይኩም ላይ ስፖንጅ ይልበስ። ቤዙ ላይ ዋየርለስ የምትጠቀም ከሆነ ከአምፑ ጋር በሽቦ ስለማትገናኝ ይሄ አደጋ በቤዝህ በኩል የለብህም። ሐምሌ ላይ የምርቃት ፕሮግራም በድንኳን ስትሰሩ ደሞ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ጣውላ ወይ ደረቅ ምንጣፍ ሳይነጠፍልህ ገመድህን አትሰካ።

መብራት ሲሄድ እጅህ መጀመሪያ ወደ አምፑ ማጥፊያ ይሂድ። ሲመለስ ዘሎ ነው የሚመለሰው፣ አምፕ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ጀነሬተር ሲነሳም እንደዛው፣ ተነስቶ ድምፁ እስኪስተካከል ጠብቅና ከዛ አብራ። ሲበራ ሚክሰሩ ቀድሞ አምፑ መጨረሻ፣ ሲጠፋ አምፑ ቀድሞ። ጀነሬተሩ አነስተኛ ሆኖ ያ ሁሉ ሞንታርቦ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ ከተሰካበት ኪክ (በእግር የሚመታው ከበሮ) በተመታ ቁጥር መብራቱ ሲደበዝዝ ታያለህ፣ አምፕህም አብሮ ነው የሚደክመው፣ ቮልዩም በመጨመር አይድንም። ማቀዝቀዣውን አስነቅል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ አምፕ ከላከልህ ሳትሰካው ጀርባውን አንብብ። 100-240 የሚል ከሆነ ምንም የለውም የፕለጉን እግር መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነና እኛ 220 ላይ ከሰካኸው ጭስ ነው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ትራንስፎርመሩም አምፑ ጀርባ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። የፔዳል አዳፕተርም እይ፣ አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ዲሲ ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ሚሊ አምፑ ቢበልጥ ችግር የለም ቮልቱና ፖላሪቲው ግን ልክ መሆን አለበት፣ የቤት ዋይፋይ አዳፕተር ገባልኝ ብለህ አትሰካ።

ገመድና ጃክ

ድምፅ ቆረጥ ቆረጥ ካለ 10 ጊዜ 9ኙ ጃክ ነው ብል አላጋነንኩም። ገመዱን ጃኩ ስር ይዘህ ወዝወዝ አድርገው፣ ከጮኸ እሱ ነው። መልቲሜትሩን ቢፕ የሚለው ላይ አድርገህ ጫፍ ከጫፍ ቢፕ ማለት አለበት፣ እጀታ ከእጀታ ቢፕ ማለት አለበት፣ ጫፍ ከእጀታ ግን ዝም። ጫፍ ከእጀታ ቢፕ ካለ ተነካክቷል፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወስደህ ሁለት ሳንቲሜትር ቆርጦ እንደገና ይበይድልህ፣ መሃለኛው ሽቦ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ያለው መረብ እጀታው ላይ። የሚታሸገውን ፕላስቲክ ጃክ ተወውና የብረት የሚፈታውን ግዛ።

ቤዙ ላይ ያለው ጃክ ሲላላ ደሞ ሰው ከውጭ ብሎኑን ብቻ ያጠብቃል። ታዲያ ውስጥ ጃኩ አብሮ እየዞረ ሽቦው ይጠመዘዝና ይበጠሳል። ሽፋኑን ክፈትና ጃኩን ከውስጥ በእጅህ ያዝ አድርገህ ከውጭ አጥብቅ። ገመዱንም በስትራፑ ውስጥ አዙረህ ሰካው፣ ሰው ሲረግጠው ጃኩን ሳይሆን ስትራፑን ነው የሚጎትተው፣ እስክስታ ላይ ደሞ መረገጡ አይቀርም።

የስፒከር ገመድ ለቤዝ አይሆንም፣ መረብ ስለሌለው ኖይዝ ይለቅማል። የቤዝ ገመድም ከአምፕ ወደ ካቢኔት (የስፒከር ሳጥኑ) አይሆንም፣ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይግላል፣ አምፑንም ይጎዳል። ሁለቱ ጃካቸው አንድ አይነት ስለሆነ ነው የሚምታታው፣ በናስትሮ ምልክት አድርግባቸው። ኦም (የስፒከሩ የመቋቋም መጠን) ላይ ደሞ ባለ 8 ኦም ሁለት ካቢኔት አንድ ላይ ስትሰካ 4 ኦም ይሆናል፣ አምፑ ጀርባ ትንሹ 4 የሚል ከሆነ ሶስተኛ አትጨምር።

ባትሪ ያለው ቤዝ ጃኩ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው እየበላ ነው፣ ሳትጫወትም። ማታ ንቀለው። ድምፁ እየተሰነጠቀ ዲስቶርሽን ነገር ካመጣ ባለ 9 ቮልቷን ለካ፣ ከ8 በታች ከወረደች ቀይራት። ቮልዩሙ ሲዞር ክርክር ካለ ደሞ ኮንታክት ክሊነር ነው የሚነፋበት፣ የማሽን ዘይት አይደለም።

አንገቱ፣ ወቅቱና የዓባይ በረሃ

ክረምት ላይ ደህና የነበረ ቤዝ ጥር ላይ ዝርር ማለት ሲጀምር "ተበላሸ" ይላሉ። እንጨት ነው እኮ። ክረምት እርጥበት ሲበዛ ኔኩ (አንገቱ) ይነፋና ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቅና እጅህን ያደክምሃል። በጋ ሲደርቅ ይመለስና ክሩ ዝቅ ብሎ ፍሬት ይነካል፣ የፍሬቱም ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ መዳፍህን ይቧጭራል። የሰርግ ወቅት ጥር ስለሆነ ታህሳስ መጨረሻ ላይ አንዴ ማስተካከል፣ ክረምት ሲገባ አንዴ ማስተካከል በቂ ነው።

እንዴት? መጀመሪያ ክሩን ቃኘው። ኢ ክርን አንደኛው ፍሬት ላይና ኔኩ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን፣ ሁለት እጅህ ይያዛልና ሰው ጥራ ወይ አንደኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሩን ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) አድርግ። ሰባተኛው ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ቢዝነስ ካርድ የሚያህል ክፍተት መኖር አለበት፣ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን (ኔኩ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) በአሌን ኪ ወደ ሰዓት አቅጣጫ አጥብቅ፣ ክፍተት ከሌለ በተቃራኒው አላላ። ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ ቃኝተህ አስቀምጠውና ነገ እየው። እምቢ ካለህ አታስገድደው፣ ክሩን አላልተህ ሞክር፣ አሁንም እምቢ ካለ ለሚያውቅ ሰው ስጠው፣ የተበጠሰ ትረስ ሮድ መጠገን ከቤዙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ኔኩ ከተስተካከለ በኋላ ነው ብሪጁ ላይ ያሉትን ሳድሎች (እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸውን) የምትነካው። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ኢ ወደ 2.5 ሚሊ፣ ጂ ወደ 2 ሚሊ ጥሩ መነሻ ነው፣ እጅህ ከባድ ከሆነ ከፍ አድርገው። መጨረሻ ኢንቶኔሽን (ኖታው ኔኩ ላይ ሁሉ ልክ መሆኑ)፣ 12ኛ ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን ምታ (ክሩን ሳትጫን ፍሬቱ ላይ ነካ ብቻ አድርገህ) ከዛ ፍሬቱን ተጭነህ ምታ። የተጫንከው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። የስልክ ቲዩነር ክፍቱን ኢ አልይዝ እያለ ቁጥሩ ከተንቀዠቀዠብህ አይግረምህ፣ ክፍቱ ኢ 41 ሄርዝ ነው የስልክ ማይክ እዛ አይወርድም። የ12ኛ ፍሬት ሃርሞኒኩን ስጠው፣ ወዲያው ያገኘዋል።

ወደ አዲስ አበባ ለስራ ስትወርድ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ገብተህ ጎሃ ጽዮን ላይ ስትወጣ ሙቀቱና ብርዱ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚለዋወጠው። ቤዝ ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫንም፣ አለቀ። ረዳቱ "ወንድሜ ምንም አይሆንም በጋቢ ጠቅልለው" ቢልህም አይጫንም። ውስጥ በእግርህ መሃል ያዘው፣ ስትደርስም ከሻንጣው ሳታወጣ ትንሽ አቆየውና ከዛ ቃኝ። እንጅባራ ብርድ ላይ ያለ መድረክም እንደዛው ነው፣ ከሞቀ ክፍል አውጥተህ ወዲያው ከቃኘኸው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከቅኝት ወጥቷል።

ኪቦርዲስቱ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም "ድምፄ አይሰማም" ከሚሉት ውስጥ ግማሾቹ ጉዳያቸው ይሄ ነው። እኛ ጋ የሰርግ ባንድ ብዙ ጊዜ ኪቦርድና ድምፃዊ ሆኖ ነው የኖረው፣ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ቤዝ መጫወት ለምዷል፣ ወይ የኪቦርዱ ስታይል (በራሱ የሚጫወተው አጃቢ) ራሱ ቤዝ አለው። አንተ ስትጨመር ሁለት ቤዝ ሆነ ማለት ነው፣ አንዱ ማሽን አንዱ ሰው፣ እና ሁለቱ እዛው ቦታ ላይ ይጋጩና የሚሰማው ቡምቡምታ ብቻ ይሆናል። ሳውንድ ማኑ ደሞ "ቤዙ በዛ" ብሎ አንተን ይቀንስሃል!

መፍትሄው ከስራው በፊት ነው፣ መድረክ ላይ አይደለም። የያማሃ አሬንጀር ኪቦርዶች ላይ ስታይሉ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ ሪትም፣ ቤዝ፣ ኮርድ፣ ፓድ፣ ፍሬዝ፣ ቤዝ የሚለውን ክፍል ብቻ ማጥፋት ይቻላል፣ ሌላው ይቀጥላል። ሌሎቹም ብራንዶች ላይ ይሄ ነገር አለ። በጨዋ ቋንቋ ጠይቀው፣ በዕድሜ የሚበልጥህ ከሆነ "ጋሼ፣ እስቲ ቤዟን ዛሬ ለእኔ ይተውልኝ" በል፣ አንተ የምትለው እኩያህ ከሆነ ሻይ ጋብዘው። ግራ እጁንም ከፍ አድርጎ ኮርድ ይያዝ፣ ከመሃለኛው ሲ በታች ብዙ አይውረድ። አላጠፋም ካለ አንተ ወደ ላይ ውጣ፣ ዲና ጂ ክር ላይ ሰባተኛ ፍሬት አካባቢ ተጫወት፣ እሱ ታች ይቅር፣ ቢያንስ ትሰማለህ።

ሌላው ጣጣ ትራንስፖዝ (ቁልፉን በማሽን ከፍ ዝቅ ማድረጊያው) ነው። ኪቦርዲስቱ ሁሌም በለመደው ቁልፍ ይጫወትና ለድምፃዊው እንዲመቸው ትራንስፖዝ ይጫናል፣ አንተ ጣቱን አይተህ ኤ ማይነር መስሎህ ትገባለህ፣ የሚወጣው ግን ሲ ማይነር ነው። ጣቱን አትመን ስክሪኑን እይ፣ ወይ ከዘፈኑ በፊት "ስንት ላይ ነው?" በለው። ፕላስ 3 ካለህ ሶስት ፍሬት ወደ ላይ ነው። ማሲንቆ ካለ ደሞ ሁላችሁም ለማሲንቆው ነው የምትቃኙት፣ ሰውየው መሃል ላይ ከፍ ዝቅ ማድረጉ አይቀርምና ጆሮህን እሱ ላይ ጣል።

ጭክጭካ ላይ፣ 6/8 ስለሆነ፣ ኖታ በማብዛት አትሰማም። ከበሮውና ኪኩ የሞሉትን ቦታ አትሙላው፣ ሩቱን (የኮርዱን መነሻ ኖታ) በደንብ ምታና ከዛ አፍነው፣ በግራ እጅህ ክሩን ዝም አስብለው። የደርግ ዘመን ካሴቶች ላይ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የተጫወታቸውን ቤዞች በኢርፎን ስማ፣ ኖታው የት እንደሚያልቅ ልብ በል፣ የት እንደሚጀምር ብቻ አይደለም።

ድንኳንና አዳራሽ ውስጥ ድምፁን ማስተካከል

ቤት ውስጥ ለብቻህ አሪፍ የሚመስልህ ድምፅ፣ ያ ቤዝና ትሬብል ከፍ ሚድ (መሃለኛው ድምፅ) ዝቅ የተደረገው፣ ባንድ ውስጥ ሲገባ እንደ ጨው ሟሙቶ ነው የሚጠፋው። የምትሰማው በሚድ ነው። ሁሉንም ኖብ መሃል ላይ አድርግ፣ ከዛ 400 እስከ 800 ሄርዝ አካባቢ ትንሽ ከፍ አድርግ፣ 200 እና 250 አካባቢ ትንሽ ቀንስ፣ ቡምቡምታው እዛ ነው የሚኖረው። የቤዝ ኖቡን ባለበት ተወው። ለብቻህ ስትሰማው ያስጠላሃል፣ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ከባንዱ ጋር ግን እያንዳንዱ ኖታህ ይወጣል። ሚክሰሩ ላይ ሃይ ፓስ ወይ ሎው ከት ካለ 40 ሄርዝ አካባቢ ይቆረጥ፣ ከዛ በታች ያለው ስፒከሩን ከማንቀጥቀጥ በስተቀር ስራ የለውም። አንዳንድ ሚክሰር ላይ ግን ሎው ከቷ 80 ወይ 100 ላይ ተቆልፋ ነው የምትመጣው፣ እሷ ለማይክ ናት፣ በቤዝህ ቻናል ላይ ተጭና ከሆነ አስነሳት።

ስፒከርህን ጥግ አታስጠጋው፣ ጥግ ቤዝን ያበዛል፣ ቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ያለው አዳራሽ ውስጥ ደሞ በእጥፍ ይብሳል። ድንኳን ውስጥ ተቃራኒው ነው፣ ሸራው ቤዙን ስለማይዘው ይወጣና ይሄዳል፣ እዛ ጥግ ወይ ግድግዳ ካገኘህ አስጠጋው። የጊታር አምፕ ላይ ቤዝ ጮክ አድርገህ አትጫወት፣ ኮኑ ይቀደዳል፣ የኪቦርድ አምፕ ግን ይችላል። አምፑ አነሰኝ ለሚልም፣ ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የሚጨምርልህ 3 ዲሲቤል ነው፣ ለጆሮ ትንሽ ነው። ሚዱን ነካ ማድረግ ከዛ በላይ ይሰራል፣ በነጻ።

የድሮ ዘፈን ለሚጠየቅ ባንድ ደሞ ቶኑን ግማሽ ዝጋና ብሪጁ አጠገብ ክሩ ስር ቁራጭ ስፖንጅ አስገባ፣ የዕቃ ማጠቢያዋ ትበቃለች። አዲስ ፈጠራ አይደለም፣ የድሮዎቹ ፌንደር ቤዞች ከፋብሪካ ሲወጡ የብሪጁ ሽፋን ስር ስፖንጅ ነበራቸው። ኖታው ዱም ብሎ ያቆማል።

ክር

የቤዝ ክር ባህር ዳር ሁሌ አይገኝም ሲገኝም ውድ ነው፣ ስለዚህ ያለውን ማጠብ ግድ ነው። ክሩ የሚሞተው ብረቱ አልቆ ሳይሆን ጥምዝምዙ ውስጥ ላብና ቅባት ገብቶ ነው። አውልቀህ ጠቅልለህ የፈላ ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ ያህል ትተወዋለህ፣ ውሃው ሻይ መስሎ ሲወጣ ስታይ ይገባሃል። ይሻላል የምለው ግን አልኮል ነው፣ ክዳን ያለው ጠርሙስ ወይ ቧንቧ ውስጥ አልኮል ሞልተህ ክሩን ከተህ ታሳድረዋለህ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ፐርሰንቱ ውሃ ቢኖረውም ይሰራል፣ አውጥተህ በደንብ እስካደረቅከው ድረስ። ከከሰል ምድጃ አርቀው፣ ቤዙ ቀለም ላይም እንዳይንጠባጠብ። አረቄ አይሆንም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ ዳግምም ቢሆን ግማሹ ውሃ ነው፣ ክርህ ይዝጋል፣ አረቄውም ይባክናል።

ተጫውተህ ስትጨርስ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከስርም ጥረገው፣ ማጠቡ ይዘገይልሃል። አዲስ ክር ስትገጥም ደሞ ትርፉን ከመቁረጥህ በፊት መጀመሪያ በፒንሳ 90 ዲግሪ እጠፈው ከዛ ከእጥፋቱ በኋላ ቁረጥ፣ ሳታጥፍ ከቆረጥክ ጥምዝምዙ ይፈታና ክሩ ገና ሳይጫወት ይሞታል። ቃኚው ላይ ሁለት ሶስት ዙር ወደ ታች እየወረደ ይጠምጠም፣ ለዛ የሚሆን ትርፍ ትተህ ቁረጥ። ክሩን ከቀየርክ ወይ ካጠብክ በኋላ በማግስቱ ኢንቶኔሽኑን ደግመህ እየው፣ ሳድሉ ትንሽ መነካት ሊፈልግ ይችላል።